ያመኑትን አይሰቅሉም

ኮቪድ በገባበት ዓመት ኦሃዮ ውስጥ ኢስተን አጠገብ ክፍል አጸዳበት የነበረው ሆቴል ባዶ ቀረና አሰናበቱን። በጋውን ኖርዝላንድ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ተቀምጬ አሳለፍኩት። ባለቤቴ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ስለሚሠራ የእሱ ሥራ አልቆመም፤ እንዲያውም በዛበት። እኔ ግን ቤት መዋል አልሆነልኝም። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ለአዛውንቶች ጠባቂ የሚልክ አንድ ኤጀንሲ ዎርዝንግተን ወዳለ ቤት ላከኝ።

ቤቱ በቀይ ጡብ የተሠራ ነው፤ ፊት ለፊቱ ትልቅ ዛፍ አለ። በሩን የከፈተችልኝ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። ማስክ አድርጋለች፤ እጇን ዘርግታ ግንባሬን በሙቀት መለኪያ ነካ አደረገችና ወደ ኋላ ራቀች። የምጠብቀው እናቷን ነው። እሷ ራሷ ቢሮዋ ስለተዘጋ ፎቅ ላይ ሆና በኮምፒውተር ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ስላለባት እናቷን ማየት አልቻለችም።

«እናቴ የታሪክ አስተማሪ ነበረች» አለችኝ ኮሪደሩ ላይ ቆመን። «ጡረታ ከወጣች በኋላ ስለ አንድ ዓመት ብቻ ስታነብ ነው የኖረችው። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዘጠና ሁለት። አሁን አእምሮዋ ሲደክም ሌላው ሁሉ ጠፋ፤ እሱ ቀረ።»

«ቀረ ስትይ?»

«እዚያ ውስጥ ነው የምትኖረው። በመስኮት ታያለች። በረዶ ካለ የዚያ ዓመት ክረምት ላይ ናት፤ ሙቀት ከሆነ በጋው ላይ። በዚያ ወር የሆነውን ነገር ልክ ዛሬ እንደሆነ አድርጋ ትነግርሻለች። አትከራከሪያት፤ ትፈራለች።» በእጇ ወደ ሳሎኑ እያመለከተችኝ፣ «ሴፕቴምበር ላይ ትከብዳለች። እስከዚያ ደህና ናት» አለች።

ሴትዮዋ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ፀጉራቸው በደንብ የተበጠረ ሴት ናቸው። መጀመሪያ «ማም» እላቸው ነበር፤ ግን አንድ ቀን ሳላስበው «እትዬ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ለታላቅ ሴት የሚባል ነው አልኳቸው። ወደዱት። ከዚያ በኋላ እትዬ ሆነው ቀሩ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት አእምሯቸው ጠራ የሚልባቸው ቀኖች ነበሩ። በአንዱ እንዲህ ባለ ቀን ስለ አገሬ ጠየቁኝና የዘመን አቆጣጠራችን ከእነሱ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸው የሚያውቁት ዓመት ሲሆን እኛ ዘንድ ቁጥሩ ገና እንዳልደረሰ፣ ጎንደር ላይ ነገሥታት እንደነበሩ አወራኋቸው። ሲያዳምጡኝ ቆዩና ሻይ የያዘ እጃቸውን አውርደው፣

«እንግዲያው ያ ዓመት እናንተ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል» አሉኝ። «አትቸኩይ። ይመጣል።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በረዶው መጣ። ፌብሩዋሪ ውስጥ በአንድ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳቀርብ ሹካውን አላነሱም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የራሴን ዳቦ እበላ ነበር፤ ለመብላት ማስኬን አውርጄ ጎኔን ሰጥቻቸዋለሁ።

«ከገበታችን መብላት ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አሉኝ።

«ጥቂት ወራት ሆነኝ፣ እትዬ።»

«እነሱ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላቸውም» አሉ። ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር፤ የተረጋጋ፣ የሚያስረዳ። ስኮትላንድ ውስጥ ተራሮች መሃል ያለ ሸለቆ ነው። ወታደሮች መጡ፤ የሸለቆው ሰዎች በየቤታቸው አሳደሯቸው፤ ምግባቸውን አካፈሏቸው፤ ማታ ማታ አብረው ካርታ ተጫወቱ። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ በረዶ እየጣለ፣ እንግዶቹ ከአልጋቸው ተነሡና አሳዳሪዎቻቸውን ገደሉ። ያመለጡትም ብዙዎቹ በረዶው ውስጥ ቀሩ። «ሚስትየዋ ጠዋት የምታቀርብላቸውን እያሰበች ነበር የተኛችው» አሉኝ። ከዚያ ሳህኔን አዩ። «ብይ እንጂ።»

መብላት አልቻልኩም። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለታቸው ነው» አለ ጫማውን እያወለቀ።

«እኔን አይደለም፤ ታሪኩን ነው የሚያወሩት።»

«ታሪኩን እያዩ ነው ወይስ አንቺን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን ኩሽናው ውስጥ ቆሜ መብላት ጀመርኩ።

በረዶው ሳያልቅ ሌላኛው ነገር ጀመረ። ልጃቸው ቀድማ ነግራኝ ስለነበር ስሙን አውቄዋለሁ፤ ሳሌም የሚባል መንደር ነው፣ እዚሁ አሜሪካ። የቄሱ ቤት ልጆች ታመሙ። ይጮኻሉ፤ ወንበር ስር ይገባሉ፤ አንዳች ነገር እንደሚቆነጥጣቸው፣ እንደሚነክሳቸው፣ ደረታቸው ላይ እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። ማን ነው የሚያሠቃያችሁ ተብለው ሲጠየቁ ስም ጠሩ። መጀመሪያ አንዲት ባሪያ፣ አንዲት ለማኝ፣ አንዲት አልጋ ላይ የዋለች በሽተኛ። ከዚያ ስሙ እየበዛ ሄደ። የለማኟ ሴት ልጅ፣ ገና ጡት የተወች የምትመስል ሕፃን፣ እሷም ተጠርታ በሰንሰለት ታሰረች።

እትዬ የነገሩኝን ሌሎች ሰዎች እንደ ሩቅ ነገር ይሰሙት ይሆናል። እኔ አልቻልኩም። እኔ ባደግሁበት ከተማ ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ያሸቱታል፤ ጨርቅ ያጨሱበታል፤ ከዚያ «ማን ነህ? ከየት ያዝከው?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ስም ይጠራል። ነገሩን አላመንኩም ብል እንኳ ያንን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ እትዬ ስለነዚያ ልጆች ሲያወሩ አንገቴ ስር ይበርደኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ ደጋግመው የሚያነሡት ስለ ወፍ ነው። ከልጆቹ አንዷ በጸሎት ቤቱ መሃል ተነሥታ ቢጫ ወፍ አየሁ ብላለች፤ ወፊቱ የምትውለው ከጠንቋዮቹ ጋር ነው፤ የምትታየውም ለእነሱና ለከሳሾቹ ብቻ ነው። እትዬ ቀና ብለው የመጋረጃውን ዘንግ እያዩ፣ «እነሆ መጣች» ይሉኛል። እኔ እንደተነገረኝ አልከራከርም። «እሺ፣ እትዬ» እላለሁ። ዘንጉ ላይ ምንም የለም።

ጸደዩ ገባ፤ መስኮት መክፈት ጀመርን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተኙበትን ብርድ ልብስ ሳጥፍ የሆነ ነገር ከራሴ በላይ ሽው አለ። ቀና ስል ወፍ ናት። ቢጫ፤ ክንፏ ብቻ ጥቁር። እንዲህ ያለች ወፍ ኦሃዮ ውስጥ ብዙ ናት፤ በየጓሮው ትታያለች። በተከፈተው መስኮት ገብታ የመጋረጃው ዘንግ ላይ፣ እትዬ ሁልጊዜ የሚያዩበት ቦታ ላይ፣ ቁጭ ብላለች። ደስ አለኝ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚሉትን ነገር አብሬ ማየቴ ነው።

«አየኋት፣ እትዬ» አልኳቸው። «ይቻትና።»

እሳቸው ወደ ዘንጉ አላዩም። እኔን ነው ያዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጸጥ አለ።

«ለአንቺም ትታይሻለች?» አሉኝ።

ወፊቱ በመጣችበት መስኮት ወጣች። መስኮቱን ዘጋሁት። እትዬ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ እጄን ይዘው አልተነሡም፤ መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ ብቻቸውን መሄድ ፈለጉ። ማስኬንም ይጠይቁኝ ጀመር።

«ፊትሽን ለምን ትሸፍኛለሽ?»

«በሽታ ስላለ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ፊትሽን አላየሁትም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር።

ጁን ላይ ደግሞ መሬት ወደ ውሃ የሚለወጥበት ቀን ሆነ። ጃማይካ ውስጥ በባሕር ዳር የነበረች ሀብታም ከተማ፤ ቤቶቿ አሸዋ ላይ ተሠርተዋል። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ምድር ተንቀጠቀጠችና አሸዋው ፈሰሰ። ሰው ቆሞበት የነበረው መንገድ ዋጠው፤ እስከ አንገቱ ገብቶ እዚያው የተቀረቀረም አለ። አንድ ሰው ምድር ውጣው መልሳ ባሕሩ ላይ ተፋችው፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረ። እትዬ ይህን እየነገሩኝ እግራቸውን ከወለሉ አንሥተው ወንበሩ ላይ አጠፏቸው። ጥርት ያለ ቀን ነበር፤ ውጭ አንዱ ጎረቤት ሣር ያጭዳል።

«አንሺ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እግርሽን አንሺ።»

ሳላስበው አነሣሁ። ሁለታችንም እግራችንን አንሥተን፣ የእንጨቱን ወለል እያየን ተቀመጥን። የሣር ማጨጃው ሲቆም ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ እግሬን ማውረድ ፈራሁ። ልጃቸው ውሃ ልትቀዳ ከፎቅ ስትወርድ እንደዚያ ሆነን አገኘችን። ኩሽና ገብታ ወጣች፤ ወለሉን ግን በጥንቃቄ እየረገጠች ያለፈች መሰለኝ።

የበጋው መጨረሻ ላይ ክንዳቸውን ሳጥባቸው የበለዘ ምልክት አየሁ። ትንንሽ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተቀመጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ ትንሽ ነገር ይበልዛቸዋል፤ እንደ ደንቡ ወዲያው ለልጃቸው አሳየኋት። ልጃቸው ተንበርክካ ክንዳቸውን ያዘች።

«እማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

እትዬ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ጥላዋ ይመጣል» አሉ። «እሷ ኩሽና ውስጥ ቆማ እያየኋት ጥላዋ መጥቶ ይቆነጥጠኛል።»

በዚያን ጊዜ ልጃቸው ምን እንደምታስብ ከማስኳ በላይ ማየት አልቻልኩም። በማግስቱ ኤጀንሲው ደወለና ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቴ እንድቀመጥ ነገረኝ። እኔ ላይ ማንም አልጮኸም። ሁሉም በትሕትና ነበር የተናገረው።

ቤት ተቀምጬ ስለ አክስቴ ሳስብ ሰነበትኩ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያገባችው ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ የሚሠራ፣ ሁሉም የሚፈልገው፣ ማንም ቤቱ ገብቶ የማይበላበት ሰው። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ልጅ ታመመችና ለፈለፈች። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ እኔም በሰው እግር መሃል ሆኜ እሰማለሁ። ማን በላሽ ስትባል የአክስቴን ስም ጠራች።

ሰዎች ሄደው አክስቴን አመጧት። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የበላቻት ሴት መጥታ እንትፍ ካለችባት ልጅቷ ትድናለች። አክስቴ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ብትተፋባት ቡዳ ነኝ አለች ማለት ነው። ባትተፋባት ልጅ ገደለች ይባላል። እናቴ ከኋላ ሆና፣ «እህቴ ተይ፣ ተመለሽ» ስትላት ሰማሁ። አክስቴ ገባች። ልጅቷ ፊት ላይ ሦስቴ እንትፍ አለች። ልጅቷ ተኛች፤ ጥቂት ቆይታም ነቅታ ውሃ ጠየቀች። የልጅቷ እናት እያለቀሰች አክስቴን አመሰገነቻት፤ ስታመሰግናት ግን በሁለት እጇ የልጇን ፊት ሸፍና ነበር። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ስታልፍ እናቶች ሕፃን ይሸፍኑ ነበር፤ ባሏ ሲሞት ከተማውን ለቃ ሄደች።

ይህን ለባለቤቴ አጫውቼው አላውቅም ነበር። ያን ሳምንት ነገርኩት።

«ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለኝ። «እዚያ ቤት አትመለሺ።»

ለመተው ወስኜ ነበር። ግን የእትዬ ልጅ ራሷ ኮል አደረገችልኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ አስገብታለች። ሌላ ጠባቂም መጥታ ነበር፤ መበለዙ አልቆመም። ካሜራው ላይ የታየው እናቷ የመጋረጃውን ዘንግ ትክ ብለው እያዩ በገዛ ጣቶቻቸው ክንዳቸውን ሲቆነጥጡ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለችኝ። «ሴፕቴምበር ገብቷል። ምግብ እምቢ ብላለች። አንቺን ብቻ ነው የምትጠይቀው።»

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ባለቤቴ ዛሬም ይጠይቀኛል። ሰው እየጠራኝ እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ሌላ መልስ የለኝም።

እትዬ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከስተው ጠበቁኝ። ከላያቸው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ትንሿ ካሜራ ቀይ መብራቷን አብርታ ተቀምጣለች። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከወፊቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዙ።

«መጣሽ» አሉኝ። «አልሰቀሉሽም።»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ትናንት ሰቅለዋል። ኮረብታው ላይ።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አንዱን ሽማግሌ ደግሞ አልናገርም ስላለ ሜዳ ላይ አስተኝተው ድንጋይ ጫኑበት። አንድ በአንድ። ስሚኝ። የሚሰቅሉት የካዱትን ነው። ያመኑትን አይሰቅሉም። እመኚ።»

ይህን ልጃቸው በኋላ እውነት መሆኑን ነግራኛለች። በዚያ ዓመት በዚያ ፍርድ ቤት ፊት ጠንቋይ ነኝ ያለ ሰው ሳይሰቀል ይቆያል፤ አይደለሁም ብሎ የጸና ወደ ኮረብታው ይሄዳል።

«እኔ ምንም አላደረግኩም» አልኳቸው።

እንባቸው ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም ነበር። የከሰሱኝ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ እሳቸው ግን ሊያድኑኝ ነው የሚለምኑኝ። ሾርባ አቀረብኩ፤ አልነኩትም። በማግስቱም እንዲሁ። «አንቺን እየወሰዱሽ እኔ እንዴት እበላለሁ?» ይሉኛል። አንዲት ነርስ መጥታ አየቻቸውና በዚህ ከቀጠለ ሆስፒታል መግባት አለባቸው አለች። ያኔ ሆስፒታል የገባ ሽማግሌ ሁሉ እንደማይመለስ ነበር የምናስበው፤ ልጃቸውም ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳሎኑ ውስጥ ገብታ ሳለ፣ እትዬ እንደገና እጄን ያዙ። «እመኚ፣ ልጄ» አሉኝ።

ቀና ብዬ ቀዩን መብራት አየሁት። በእንግሊዝኛ ብናገረው ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ገና በቅርቡ ነው ከጥርጣሬ የወጣሁት። ማስኬን አወረድኩ፤ ሙሉ ፊቴን አዩ። ከዚያ በአማርኛ፣

«እሺ፣ እትዬ። እኔ ነኝ። የቆነጠጥኩዎት እኔ ነኝ። ይማሩኝ» አልኳቸው።

አማርኛ አያውቁም። ግን ትንፋሻቸው ረጅም ሆኖ ወጣ፤ ትከሻቸው ወረደ። ጉንጬን ዳሰሱት። ነገሩ አለቀ ብዬ ማንኪያውን ሳነሣ እጄን ያዝ አደረጉት።

«ሌላስ?» አሉኝ። «ማን አብሮሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። ያለ ስም አይለቁሽም።» ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። ከላይ የልጃቸው የወንበሯ ድምፅ ይሰማል፤ ስብሰባ ላይ ናት። «ልጄም ነበረች፣ አይደል?»

ጣሪያው ላይ ወንበሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«እሷ አይደለችም» አልኳቸው፤ በእንግሊዝኛ፣ እንዲገባቸው። «እሷ አልነበረችም።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሾርባውን ማንኪያ በማንኪያ ጨረሱት። ያን ቀን እንደ ሕፃን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ኦክቶበር ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ፈረሰ አሉኝ፤ ታሪኩም እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው አነሰ። ፈረንሣይ ውስጥ ዝናቡ እህሉን እንዳበሰበሰውና ረሃብ እንደሚመጣ አንድ ሁለት ጊዜ አነሡ፤ ወደ ዘንጉ ግን ማየት ተዉ። እኔንም የሚያውቁኝ አይመስሉም ነበር፤ በትሕትና «አመሰግናለሁ» ይሉኛል፣ ልክ እንደ እንግዳ። ክንዳቸው ዳነ። የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል መስኮቱን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ይህን አላውቀውም» አሉኝ። ፈርተው ነበር። ምን ዓመት እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ወር በእንቅልፋቸው አረፉ። ልጃቸው ጠርታኝ ቀብሩ ላይ ቆምኩ፤ ጥቂት ሰዎች ነበርን፣ ተራርቀን።

በጸደዩ ልጃቸው እንደገና ደወለችልኝ። ቤቱን ልትሸጠው ነው፤ የእናቷን ብርድ ልብስ ልትሰጠኝ ትፈልጋለች። ሄድኩ። ሳሎኑ ባዶ ሆኖ መጋረጃው ወርዷል። ያኔ ማስክ አላደረግንም፤ እርስ በርሳችን ፊት ስንተያይ ትንሽ አፈርን። ብርድ ልብሱን ሰጠችኝና ወዲያው አልሸኘችኝም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «የዚያን ቀን ቪዲዮ አለኝ። እንደገና መብላት የጀመረችበትን። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«እሺ።»

«ልጄም ነበረች ወይ ስትልሽ እሷ አይደለችም ትያለሽ። ከዚያ በፊት ግን በቋንቋሽ የሆነ ነገር ብለሻታል። ምን ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ጸሎት ነው ብላት ታምነኝ ነበር። ግን እናቷን አብረን ያስታመምን ሰዎች ነን፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር።

«እኔ ነኝ አልኳቸው» አልኩ። «የቆነጠጥኩዎት እኔ ነኝ፣ ይማሩኝ ነበር ያልኩት። እንዲበሉ ብዬ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። «አዎ» አለች። «ገብቶኛል። እንዲያ እንድትዪ ነበር የምትለምንሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አድነሻታል።»

«እግዚአብሔር ነው።»

«አዎ» አለች እንደገና።

ምን እንደምታስብ ሳትነግረኝ አወቅሁት። ካሜራው ከመግባቱ በፊት የነበሩት ምልክቶች እንዴት እንደመጡ ማንም አላየም፤ እናቷ ከእኔ ጋር ብቻቸውን ነበሩ። እሷም ማሰብ የፈለገች አይመስለኝም። ብርድ ልብሱን ወደ ደረቴ ጠጋ አድርጌ ስይዘው ዓይኗ ወረደና ጣቶቼ ላይ አረፈ። ለትንሽ ጊዜ እዚያው ቆየ። ከዚያ ቶሎ ቀና ብላ መንገዱ እንዳይጨናነቅብኝ በጊዜ ብሄድ እንደሚሻል ነገረችኝ።

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ኖርዝላንድ እስክደርስ ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ነዳሁ። ብርድ ልብሱ ቁም ሣጥናችን ውስጥ አለ፤ ታጥቧል፣ ማንም አይለብሰውም። ከዚያ ወዲህ አልደወለችልኝም፤ እኔም አልደወልኩላትም።